ዶክተር ጆን ስኖው፤ ሰመመንን በልክ የሰፈረ ሐኪም

ባለፈው ሰሞን ከመኝታ ክፍላችን አንድ ሠልጣኝ በሌሊት ሆዱን ታሞ ሆስፒታል መግባቱን ታስታውሳላችሁ። ትርፍ አንጀቱ ወጥቶለት በሰላም ተመልሷል። ልንጠይቀው ሄደን ከበን ስንቀመጥ ያወራልን ስለ ቢላዋው ሳይሆን ስለ እንቅልፉ ነበር። አፍና አፍንጫው ላይ ጭምብል ተደርጎለት ጥቂት እንደሳበ ዓለም ጠፋችበት፤ ዓይኑን ሲገልጥ ነገሩ ሁሉ አልቋል። ከመካከላችን አንዱ ታዲያ ሥራው ሳያልቅ ብትነቃስ ኖሮ ብሎ ጠየቀው። ሌላው ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ጨርሶ ባትነቃስ ኖሮ አለ። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዞ ሌት ተቀን የደከመ፣ መልሱንም በሚዛንና በቴርሞሜትር የፈለገ አንድ ሰው ነበር። ስሙ ጆን ስኖው ይባላል። ብዙዎቻችን ይህን ስም የምናውቀው ከኮሌራ ጋር ነው። በሕይወት ሳለ ግን እንጀራውም ዝናውም ማደንዘዣ መስጠት ነበር። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

ጆን ስኖው ማርች 15 ቀን 1813 በሰሜን እንግሊዝ በዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ በድንጋይ ከሰል ማከማቻ ውስጥ የሚሠራ የጉልበት ሠራተኛ ነበር። ቤታቸው ከወንዙ ዳር፣ ድሀ ከሚበዛበት ሰፈር ነው። ከዘጠኝ ልጆች የመጀመሪያው እሱ ነበር። በዚያ ዘመን የእንዲህ ያለ ቤት የበኩር ልጅ ሐኪም ይሆናል ብሎ የሚገምት አልነበረም። ሆኖም ልጁ ትምህርት፣ በተለይ ሒሳብ ይወድ ስለነበር ወላጆቹ እንደምንም ብለው በ14 ዓመቱ ኒውካስል ለሚገኝ አንድ ሐኪም በተለማማጅነት ሰጡት። በ1831 እና 1832 ኮሌራ ወደዚያ አገር ሲገባ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ በኪሊንግወርዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን እንዲያክም ብቻውን ተላከ።

በ17 ዓመቱ ሥጋ መብላት ተወ፤ መጠጥም አይቀምስም። የእኛ አገር ጿሚ ይህን ሲሰማ ብዙም ላይደንቀው ይችላል። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ግን ሥጋና ቢራ የማይነካ ወጣት ሐኪም መሳቂያ መሆኑ አልቀረም። በ1836 ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ለንደን ሄደ፤ የሄደውም በእግሩ ነው፤ መንገዱንም በዌልስ በኩል አዙሮ። በ1838 የቀዶ ሕክምና ፈቃድ፣ በ1844 ደግሞ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክትሬት አገኘ። ሶሆ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ሥራ ጀመረ። ነገር ግን ዘመድ የለው፣ ገንዘብ የለው፣ ጨዋታ አያውቅ። በዚያ ላይ ድምፁ ጎርናና ነበርና በሐኪሞች ማኅበር ስብሰባ ሲናገር የሚያዳምጠው ጥቂት ሰው ነበር። በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት አስተማሪም ሆኖ ሠርቷል። ድምፁ ለክፍል የማይመች መምህር ምን እንደሚቸገር በማስተማር ልምምድ የወጣን ሁላችን እናውቀዋለን። እሱ ግን አንድ መላ ነበረው። የሚናገረውን በቁጥርና በሠንጠረዥ አስደግፎ ይመጣ ስለነበር፣ ሰሚዎቹ ውሎ አድሮ ጆሯቸውን መስጠት ጀመሩ።

እስከ 1846 ድረስ ቀዶ ሕክምና ምን ይመስል እንደነበር ለማሰብ ያስቸግራል። በሽተኛው ጠንካራ ጎረምሶች ይይዙታል፣ ወይም በጠፍር ይታሰራል፣ አረቄ ይሰጠዋል። የሐኪሙ ችሎታ የሚለካው በፍጥነቱ ነበር። ኦክቶበር 16 ቀን 1846 በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ፣ ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም የኤተርን ተን አስተንፍሶ አንድ በሽተኛ ያለ ስቃይ እንዲታከም አደረገ። ወሬው በመርከብ ተሻግሮ ለንደን ደረሰ። ዲሴምበር 21 ቀን ሮበርት ሊስተን የተባለው ስመ ጥር ቀዳጅ የአንድን አሽከር እግር በኤተር አደንዝዞ ቆረጠ። ሰውየው ሲነቃ እግሩ መቆረጡን አላወቀም ነበር ይባላል።

ከዚህ በኋላ ለንደን ውስጥ ኤተር የማይሰጥ ሰው ጠፋ። የመስተዋት ጡጦ፣ ስፖንጅና የላስቲክ ቱቦ የያዘ ሁሉ አደንዛዥ ሆነ። የስኖው ወዳጅ የነበረው ዶክተር ሪቻርድሰን እንደሚተርከው፣ ስኖው አንድ ቀን በመንገድ ሲሄድ አንድ መድኃኒት ሻጭ የኤተር መሣሪያውን በብብቱ ሸጉጦ ሲሮጥ ያገኘዋል። ሰላም ለማለት እንኳ ጊዜ የለውም፣ ደንበኛው በዝቶበታል። ስኖውም፣ መድኃኒት ሻጭ በዚህ እንጀራ ከበላ ነገሩን በዕውቀት የሚሠራ ሐኪምማ እንዴት አይበላም ብሎ አሰበ አሉ። ነገር ግን እንደ ሌሎቹ ጡጦ ገዝቶ አልተነሣም። መጀመሪያ የጠየቀው፣ ኤተሩ አንዱን በሽተኛ አስተኝቶ ሌላውን የሚያሳብድ፣ ሦስተኛውን ደግሞ በሳል ብቻ የሚያስጨንቅ ለምንድን ነው የሚለውን ነበር።

መልሱ የፊዚክስ መልስ ነው፤ ለሳይንስ መምህራን ለክፍልም የሚሆን ይመስለኛል። ኤተር በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላ፣ በጣም ተናኝ ፈሳሽ ነው። አየር ምን ያህል የኤተር ተን ሊሸከም እንደሚችል የሚወሰነው በሙቀቱ ነው። በሞቃት ክፍል ብዙ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ጥቂት ይሸከማል። ሌላም ነገር አለ። ፈሳሽ ሲተን ይቀዘቅዛል። መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችንን በአልኮል ሲጠርጉን የሚሰማንን ቅዝቃዜ አስታውሱ። ስለዚህ ጡጦ ውስጥ ያለው ኤተር በሽተኛው በሳበ ቁጥር እየቀዘቀዘ፣ የሚወጣው ተንም እየሳሳ ይሄዳል። መስተዋት ደግሞ ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ከውጭ የሚተካ ሙቀት አይገባም። እንግዲህ ለንደን በጃንዋሪ ብርድ በስፖንጅ ላይ ኤተር የሚያፈስ ሐኪም ምን ያህል እንደሰጠ ራሱም አያውቅም ማለት ነው።

ስኖው ወዲያው በጃንዋሪ 1847 የሙቀቱን ልክና የተኑን ብዛት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሠርቶ ለሐኪሞች አቀረበ። ቀጥሎም መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው የብረታ ብረት ሣጥን ሲሆን በውስጡ አየሩ እየዞረ የሚያልፍበት ጠመዝማዛ መንገድ አለው። ሣጥኑ ሙቀቱ በታወቀ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ቱቦው ሰፊ ነው፤ በሽተኛው ለመተንፈስ እንዳይታገል። ጭምብሉ ላይ ወደ አንድ ወገን የሚከፈት ክዳን አለው። ጭምብሉን በትንሹ በመክፈት ንጹሕ አየር ማስገባት ይቻላል። በአጭሩ፣ ሐኪሙ ምን ያህል እንደሚሰጥ ያውቃል። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። በ1950ዎቹ በኦክስፎርድ ተሠርቶ በብዙ ድሀ አገሮች ያገለገለው ኢ.ኤም.ኦ. የተባለው የኤተር ማስተንፈሻም ሙቀቱን የሚጠብቀው በዚሁ በውሃ ዘዴ ነው።

በዚያው በ1847 ስለ ኤተር መጽሐፍ አወጣና ሰመመንን በአምስት ደረጃ ከፈለው። በመጀመሪያው ሰውየው ለየት ያለ ስሜት ይሰማዋል፣ ግን የት እንዳለ ያውቃል። በሁለተኛው አእምሮው ይዛባል፣ ይቀባጥራል፣ ሊታገልም ይችላል። በሦስተኛው በፈቃዱ መንቀሳቀስ ያቆማል። በአራተኛው ሰውነቱ ሁሉ ይዝላል፣ የሚንቀሳቀሰው ትንፋሹ ብቻ ነው። አምስተኛው ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ነውና ስኖው ያየው በእንስሳት ላይ ነው፤ በሰው ላይ ሊታይ አይገባም። ደረጃውን ለማወቅ የዓይን ቆብ ጠርዝ በጣት ይነካል፣ የአተነፋፈሱ ድምፅ ይደመጣል። አብዛኛውን ቀዶ ሕክምና ለመሥራት ሦስተኛው ደረጃ ይበቃል፤ አንዳንዴ አራተኛውን መንካት ያስፈልጋል። በሽተኛው ሆዱ ሙሉ ከሆነ ያስታውካልና ከምግብ በፊት ይሠራ ብሎም መክሯል። ያ ጓደኛችን እስከ ጠዋት ውሃ እንኳ ተከልክሎ ማደሩን ሲያማርር ነበር፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ያስታወከው ወደ ሳንባ ከገባ ይገድላል።

ኤተር ጠቃሚ ቢሆንም ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ሽታው ያንቃል፣ ያስላል፣ ምራቅ ያበዛል፣ ለማስተኛት ጊዜ ይፈጃል፣ ከነቁ በኋላም ያቅለሸልሻል። ከሁሉ በላይ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ የዚያ ዘመን ሐኪም ደግሞ ሲመሽ የሚሠራው በሻማና በጋዝ መብራት ነበር። ስለዚህ በኖቬምበር 1847 የኤደንብራው ሐኪም ጄምስ ሲምፕሰን ክሎሮፎርም የተባለውን ሌላ ፈሳሽ ሲያስተዋውቅ ሁሉም ወደዚያ ዞረ። ሲምፕሰንና ሁለት ረዳቶቹ ከእራት በኋላ ገበታው ዙሪያ ተቀምጠው ሳቡትና ሦስቱም ከጠረጴዛው ሥር ተዘረሩ። የሙከራው ዘዴ ይህ ነበር! ክሎሮፎርም ሽታው ጣፋጭ ነው፣ አይቃጠልም፣ በፍጥነት ያስተኛል፣ መሣሪያም አያስፈልገውም። ጥቂት ጠብታ በመሐረብ ላይ ማድረግ ይበቃል ተባለ።

ሦስት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1848፣ ስኖው ለሐኪምነት በተለማመደበት በኒውካስል አቅራቢያ ሐና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ሞተች። ሕመሟ የእግር ጥፍር ነበር። ጥፍሯ ሊነቀል ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ሌላኛው ጥፍሯ በኤተር ተነቅሎላታል፤ ምንም አልሆነችም። በዚያን ቀን ግን በጣም ፈርታ ታለቅስ ነበር። ወንበር ላይ አስቀምጠው ክሎሮፎርም ያለበት መሐረብ አፍንጫዋ ላይ ያዙላት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ጥፍሩ ሲቆረጥ ተወራጨች፣ ከዚያ ፊቷ ነጣ። ውሃ ረጯት፣ አረቄ አጠጧት፣ ከወንበሩ አውርደው መሬት ላይ አጋደሟት። በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር አበቃ። ለእግር ጥፍር!

ሲምፕሰን ልጅቷን የገደላት በአፏ የተጨመረው ውሃና አረቄ ነው፣ ታንቃ ነው ሲል ተከራከረ። ክሎሮፎርሙን ነጻ ለማውጣት ነው። ስኖው በዚህ አልተስማማም። እንስሳትን በመስተዋት ማሰሮ ውስጥ እያስገባ፣ በአየሩ ውስጥ ከመቶ ስንት እጅ ክሎሮፎርም እንዳለ እየለካ ይመረምር ጀመር። ከመቶ 4 ወይም 5 እጅ ሲሆን እንስሳው ቀስ በቀስ ይተኛል፤ ቢበዛበትም መጀመሪያ የሚቆመው ትንፋሹ ነው፣ ልቡ መምታቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ፈጥኖ ሰው ሠራሽ ትንፋሽ የሰጠ ያድነዋል። ከመቶ 8 ወይም 10 እጅ ሲሆን ግን ልቡ አብሮ፣ አንዳንዴም ቀድሞ ይቆማል። ይህ ከሆነ መመለሻ የለውም። መሐረብ ደግሞ አንዴ ጥቂት አንዴ ብዙ ስለሚሰጥ፣ ፈርቶ ትንፋሹን የያዘ ሰው በድንገት አንድ ጊዜ በረጅሙ ሲስብ ያ ብዙው መጠን በቀጥታ ወደ ልቡ ይደርሳል። ለክሎሮፎርም ሌላ ማስተንፈሻ ሠራ፤ ጭምብሉ ላይ ያለው ክዳን አየሩን ይመጥናል።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ካለብን፣ ስኖው ልብ ነው በማለቱ ትክክል ነበር፤ ነገሩ በመጠን ብቻ ያልቃል ማለቱ ግን ጎዶሎ ነው። በ1911 ጉድማን ሌቪ የተባለ ሐኪም በድመቶች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ክሎሮፎርም በጥቂቱ ሳለ እንኳ አድሬናሊን ከተጨመረበት የልብ ምት ተዛብቶ ድንገት ሊቆም እንደሚችል አሳየ። አድሬናሊን ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ራሱ የሚያመነጨው ነገር ነው። ያቺ የምታለቅስ ልጅ እንግዲህ በመድኃኒቱም በፍርሃቷም ሳትሞት አልቀረችም። በመካከሉ በ1888 እና 1889 በሕንድ አገር በሃይደራባድ የተሰበሰቡ ሁለት ኮሚሲዮኖች ብዙ ውሻ ከገደሉ በኋላ፣ ልብን መጠበቅ አያስፈልግም፣ ትንፋሹን ብቻ ተመልከቱ የሚል ውሳኔ ሰጥተው ነበር። ስኖውን ያነበበ ሰው ይህን አይወስንም ነበር። የክሎሮፎርም ሌላው ጉዳት፣ ከቀናት በኋላ ጉበትን የሚያበላሸው፣ የታወቀው ከእሱ ሞት በኋላ ነው።

ስኖው በ11 ዓመት ውስጥ ክሎሮፎርም ብቻ ከ4,000 ጊዜ በላይ ሰጥቷል። ጥርስ ሲነቀል፣ የፊኛ ጠጠር ሲወጣ፣ የጡት ካንሰር ሲቆረጥ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሕፃን ሲሰፋ ይጠራል። ዋና ከሚባሉት ቀዳጆች ጋር ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዞራል። የሌላ ሰው ሞት በየትም ቢሰማ ጉዳዩን ጽፎ ያስቀምጣል፤ በመጨረሻው መጽሐፉ 50 የክሎሮፎርም ሞቶችን አንድ በአንድ መርምሯል። የራሱንም አልደበቀም። በ1856 አሚሊን የተባለ አዲስ ማደንዘዣ ጀመረ፤ አያስታውክም ብሎ ወዶት ነበር። 238 ጊዜ ሰጠውና ሁለት ሰው ሞተበት። የመጀመሪያውን ሞት ራሱ በጋዜጣ አወጣው፣ ከሁለተኛው በኋላም መድኃኒቱን ተወ። አብዛኛውን ነገር መጀመሪያ የሚስበው ራሱ ነው፤ በተቀመጠበት ሰዓቱን እያየ ሳለ ራሱን ይስታል። ይህ ጤናውን ሳይጎዳው አልቀረም የሚሉ ሐኪሞች አሉ።

የምጥ ጉዳይ ለብቻው ጭቅጭቅ ነበር። ሴት በጭንቅ ትውለድ የሚለውን የመጽሐፍ ቃል ይዘው ማደንዘዣ ለወላድ ኃጢአት ነው የሚሉ ነበሩ፤ ለእናትና ለሕፃን ያሰጋል የሚሉ ሐኪሞችም ነበሩ። ኤፕሪል 7 ቀን 1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ልትወልድ ስትል ስኖው ቤተ መንግሥት ተጠራ። የሚገርመው ያን ሁሉ መሣሪያ ሠርቶ ለንግሥቲቱ የተጠቀመው በመሐረብ ነው። ምጥ በመጣ ቁጥር ጥቂት ጠብታ፣ ምጡ ሲለቅ መሐረቡ ይነሣል። ለ53 ደቂቃ እንዲህ ቆየ። ንግሥቲቱ አልተኛችም፤ ሕመሙ ብቻ ቀለለላት። እሱ ከመጀመሪያው ደረጃ ብዙ እንዳያልፍ ስለጠበቀ ነው። በ1857 ለልዕልት ቢያትሪስም ደግሞ ተጠራ። ከዚያ ወዲያ በሀብታም ሴቶች ዘንድ ክርክሩ ረገበ።

ሰው ሁሉ ታዲያ በቤተ መንግሥቱ ምን እንደተባለ ከእሱ አፍ መስማት ይፈልግ ነበር። አንዲት ወሬ ወዳጅ ወይዘሮ፣ ንግሥቲቱ ክሎሮፎርሙን ስትስብ ምን እንዳለች ካልነገርከኝ አልስብም ብላ ድርቅ አለችበት። ስኖውም፣ ንግሥቲቱ አንቺ ከሳብሽው ይልቅ ብዙ እስክትስብ ድረስ ምንም አልጠየቀችም፤ እንደ እሷ ብታደርጊ ሁሉን እነግርሻለሁ አላት። ወይዘሮዋ ሳበች፣ ንግሥቲቱንም ወሬውንም ረሳች። ስትነቃ ሐኪሙ ሄዷል።

ስለ ኮሌራው ብዙ ስለተጻፈ ባጭሩ እንለፈው። በ1854 በሶሆ ከ600 ሰው በላይ ሲያልቅ፣ በሽታው ከብሮድ ስትሪት ፓምፕ ውሃ መምጣቱን በካርታና በቁጥር አሳየ። ሴፕቴምበር 8 የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ልብ የማይባለው ግን፣ ኮሌራን የሚያመጣው መጥፎ ሽታ ያለበት አየር ነው የሚለውን የዘመኑን እምነት እንዲጠራጠር የረዳው የማደንዘዣ ሥራው መሆኑ ነው። ጋዝ ከምንጩ በራቀ ቁጥር እንደሚሳሳ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። በሽታው በሽታ የሚመጣ ቢሆን መጀመሪያ የሚያልቁት ቆዳ ፋቂውና አጥንት ቀቃዩ በሆኑ ነበር።

ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ዛሬ ክሎሮፎርም ከቀዶ ሕክምና ወጥቷል። በ1951 የተሠራውና በ1956 በማንቸስተር በሰው ላይ የዋለው ሃሎቴን ቦታውን ወሰደ፤ ይህ አይቃጠልም፣ አያንቅም። ነገር ግን የደም ግፊትን ይቀንሳል፣ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፣ በተለይ ሲደጋገም አልፎ አልፎ ጉበትን ያቆስላል። በኋላ የመጡት አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን ጉበት ላይ በጣም ይሻላሉ፤ ሴቮፍሉሬን ሽታው ቀላል ስለሆነ ለሕፃናት ይመረጣል። እነሱም ቢሆኑ ትንፋሽን ያዳክማሉ፣ ያቅለሸልሻሉ። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ ባላቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ ሰውነት በድንገት እንደ እሳት የሚግልበትና ጡንቻ የሚደርቅበት አደገኛ ሁኔታ ይነሣል። ይህ በ1960 በአውስትራሊያ ሐኪሞች የተገለጸው፣ ብዙ ዘመዶቹ በማደንዘዣ ከሞቱበት አንድ ወጣት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከቤተሰብህ በማደንዘዣ የተጎዳ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ለወሬ አይደለም፤ በትክክል መልሱለት። የማደንዘዣ ኃይል ዛሬም የሚለካው ከመቶ ስንት እጅ ሲሳብ ሰው በቢላዋ እንደማይንቀሳቀስ በማየት ነው።

ስኖው አላገባም። ጁን 10 ቀን 1858 ስለ ክሎሮፎርምና ስለ ሌሎች ማደንዘዣዎች የሚጽፈውን መጽሐፍ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከጠረጴዛው እንደተቀመጠ በአንጎል ምች ወደቀ። በስድስተኛው ቀን፣ ጁን 16፣ በ45 ዓመቱ ሞተ። መጽሐፉን ሪቻርድሰን አሳተመለት። ላንሴት የተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሔት ስለ ሞቱ ያወጣው ጥቂት መስመር ብቻ ነበር፤ የማደንዘዣ ሥራውን ጠቅሶ ኮሌራውን ሳያነሣ አለፈ። በብሮምፕተን መቃብር ያቆሙለት ሐውልት በ1941 በቦምብ ፈርሶ በ1951 ተጠገነ።

ከ1848 እስከ 1858 በእጁ የጻፋቸው የዕለት መዝገቦቹ ለንደን ውስጥ በሐኪሞች ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የበሽተኛው ዕድሜ፣ ምን እንደተሠራለት፣ ማን እንደሠራው፣ እንዴት እንደተኛ፣ አስታውኮ እንደሆነ፣ ደህና ሆኖ እንደነቃ በየቀኑ ተመዝግቦ ይነበባል።